ገመዱን ያዙ የተባልን ዕለት

ይህ ታሪክ ሰው የሞተበት አይደለም። አስቀድሜ የምናገረው፣ የደርግን ዘመን ወሬ ሲጀመር ሰው ሁሉ ልቡን አጥብቆ ስለሚጠብቅ ነው። የሞተ የለም። አንድ ባንዲራ ያለ ቦታው ዝቅ ብሏል፤ አንድ በግ ጠፍቷል። የእኔም ኑሮ ከዚያ ቀን ወዲህ በሌላ መንገድ ሄደ።

ያን ጊዜ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ከአክስቴ ዘንድ እኖር ነበር። ከሐይቁ ዳር ባለ አንድ የመንግሥት የእህል መጋዘን ስልክ እቀበላለሁ። የመጋዘኑን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ዛሬ የለም። እህሉ ከጎርጎራና ከማዶ መንደሮች በጀልባ ይመጣል፣ እኛ ዘንድ ይራገፋል፣ ከዚያ በመኪና ይሄዳል። ስልኳ እጀታዋ የሚዞር ጥቁር ስልክ ነበረች። ስትጮህ አነሣለሁ፣ የተባለውን እሰማለሁ፣ ከዚያ ተነሥቼ ግቢውን እዞርና መልእክቱን ለባለቤቱ አደርሳለሁ። «አያ አንለይ፣ ጀልባ ተነሥቷል ብለዋል፤ ወደ ውሃው ይውረዱ።» «ሙሉነህ፣ መኪናው ዛሬ አይመጣም፤ ጆንያውን አታውጣ።» ሥራዬ ይኸው ነበር። በወረቀት የተጻፈው ግን «ጊዜያዊ የስልክ ሠራተኛ» የሚል ነው።

ጊዜያዊ የምትለዋን ልብ በሉልኝ። አባቴ እንፍራንዝ ገበሬ ነበሩ። ቋሚ ካልሆንሁ አገሬ ተመልሼ፣ ሚስቱ ለሞተችበት አንድ ንብ አናቢ እንድዳር ከሰውየው ጋር ተስማምተዋል። ሰውየው ክፉ አልነበረም። እንድንተያይ የተገናኘን ቀን ስለ ንቦቹ ብዙ ነገረኝ። ስሜን ግን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርሁት።

ሥራ አስኪያጃችን ጓድ መኩሪያ ከአዲስ አበባ የተመደቡ ሰው ነበሩ። ሥራ ይወዳሉ፤ ከማንም ቀድመው ይገባሉ፣ ከሁሉም በኋላ ይወጣሉ። ሰው ሲያናግሩ ግን ዐይናቸው ከወረቀታቸው አይነሣም። ሁሉንም «ጓድ» ይላሉ። በዚያ ዘመን ሁሉም ሰው ጓድ ስለሆነ ስም ማወቅ የግድ አልነበረም።

አንድ ቀን ለጓድ መኩሪያ በሣጥን የታሸገ ዕቃ መጣ። ሲከፈት ማይክራፎንና ጡሩንባ የሚመስሉ ድምፅ ማጉያዎች ሆኖ ተገኘ። አንዱ ጡሩንባ ከወደቡ ምሰሶ ላይ፣ አንዱ ከመጋዘኑ በር፣ አንዱ ከምግብ ክበቡ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ማይክራፎኑ ፎቅ ላይ ከጓድ መኩሪያ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ትእዛዝ ሁሉ ከላይ በጡሩንባ ሆነ።

የመጀመሪያው ዕለት ጡሩንባው፣ «አንድ ጓድ በአስቸኳይ ወደ ቢሮ ይምጣ!» አለ። የግቢው ሠራተኛ በሙሉ ደረጃውን ወጣ። ጓድ መኩሪያ ተቆጡ፤ «አንድ ነው ያልኩት!» አሉ። በማግስቱ እንደገና አንድ ጓድ ይምጣ ተባለ። ማንም አልሄደም። ሁሉም ሌላው ሄዷል ብሎ ተቀመጠ።

በሦስተኛው ቀን የጫኞቹ አለቃ ሙሉነህ ወደ መስኮቴ መጣ።

«ጥሩወርቅ፣ ይህ ነገር የሚናገረው ለማን ነው?»

«ለሁላችሁ ነው።»

«እንግዲያማ ለእኔ አይደለም» ብሎ ወደ ጥላው ተመለሰ።

የጀልባ ገመድ ተቀባዩ አያ አንለይ ደግሞ በሌላ ተቀይመው ነበር። «መልስ አይቀበልም» ይሉኛል። «ቄስ እንኳ ሲባርክ አሜን የምንልበት ፋታ ይሰጣል። ይህ ጮኾ ጮኾ ዝም። ጀልባው የሚመጣው ከየት ነው ብዬ ብጠይቀው ለምሰሶ ነገርሁ።»

ሌላም ነገር ነበረ። በከተማው ጡሩንባ የሚጮኸው ለቀበሌ ስብሰባ ነው። በስብሰባ ላይ «ጓዶች!» ከተባለ ደግሞ ሰው ብድግ ይልና ግራ እጁን ጨብጦ ያነሣል። ላለማንሣት የሚደፍር አልነበረም። ስለዚህ ጓድ መኩሪያ ማይክራፎኑን ከፍተው «ጓዶች!» ባሉ ቁጥር ግቢው በሙሉ የያዘውን ጥሎ ይቆማል፣ ግራ እጁን ያነሣል። ጆንያ የተሸከመ ጆንያውን ይጥላል። ምስር እየለቀሙ የነበሩት የምግብ ክበቡ ወጥ ሠሪ እትዬ ጥጊቱ ሰፌዳቸውን ይዘረግፋሉ። ጓድ መኩሪያ ይህን ከመስኮት እያዩ በጣም ይደሰቱ ነበር።

«ሠራተኛው እንዴት እንደነቃ አየሽ?» አሉኝ አንድ ቀን።

«አየሁ፣ ጓድ» አልሁ።

ከዚያ አስጠሩኝና ነገሩን ነገሩኝ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ይመጣሉ። ጎርጎራን ጎብኝተው በጀልባ ይሻገሩና እኛ ዘንድ ይወርዳሉ። መሣሪያው ሥራውን እንዴት እንዳቀላጠፈው እንዲያዩ ተዘጋጅቷል።

«ከዚያ በኋላ እግርሽን አታደክሚም» አሉ።

«ሥራዬስ፣ ጓድ?»

«ስልኩን ወደዚህ አስወጣዋለሁ፤ ራሴ አነሣለሁ። ያንቺ ጊዜ በወሩ መጨረሻ ያበቃል መሰለኝ።» ወረቀታቸውን ገለጡ። «ነገ ከስልኩ ንቅንቅ እንዳትይ። ግቢ ለግቢ ስትዞሪ ካዩ መሣሪያው አይሠራም ይላሉ። ከተነሣሽ ወሩን እንኳ አትጨርሺም።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ማታ ለአክስቴ ስነግራት፣ «ንብስ ክፉ አይደለም፤ ማር ይኖራል» አለችኝ።

በማግስቱ ጧት ግቢው ታጥቧል። የጥበቃው ሃምሳ አለቃ ውብነህ ጫማቸውን እንደ መስተዋት አብርተው ከባንዲራው ሥር ቆመዋል። እትዬ ጥጊቱ ለእንግዳው ምሳ የተገዛውን በግ ከክበቡ ደጃፍ አስረዋል። ጫኞቹ ከመኪናው አጠገብ፣ አያ አንለይ ከውሃው ዳር። እኔ ከስልኩ አጠገብ፣ በመስኮት እያየሁ።

ጀልባው ብቅ አለ። ነጂው አበጀ የሚባል ነው፤ አንድ የታወቀ ልማድ አለው። ነዳጅ በራሽን ስለሆነ ዳር ሳይደርስ ሞተሩን ያጠፋል። ጀልባው በራሱ እየተንሸራተተ ሲቀርብ ገመዱን ይወረውራል፤ አያ አንለይ ይቀልቡና ስበው ከምሰሶው ያስራሉ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ያን ቀንም አበጀ ሞተሩን አጠፋ፣ ገመዱን ወረወረ፣ አያ አንለይ ቀለቡ። ተቆጣጣሪው፣ ሞላ ያሉ ባለ ቆብ ሰው፣ ሊወርዱ ከጀልባው አፍንጫ ላይ ቆመዋል።

በዚህ ጊዜ ጡሩንባው ተከፈተ።

«ጓዶች!»

ግቢው በሙሉ ብድግ አለ። አያ አንለይም ቀጥ ብለው ቆሙና ግራ እጃቸውን ጨብጠው አነሡ። ገመዱ በግራ እጃቸው ነበር የተጠመጠመው፤ እርጥብ ነው፣ ሾልኮ ወደ ውሃው ገባ። ከወዲያ ተቆጣጣሪውም ለሰላምታው መልስ ግራ እጃቸውን አነሡ። ከሠራተኛው መካከል አንዱ «ይውደም!» አለ። ምን እንደሚወድም አልተናገረም።

ንፋሱ ከመሬት ወደ ሐይቁ ይነፍስ ነበር። ጀልባው ቀስ ብሎ ወደኋላ ሄደ። ተቆጣጣሪው እጃቸውን እንዳነሡ፣ ፊታቸውን ወደ እኛ እንዳዞሩ፣ እየራቁ ሄዱ። እጁን ቀድሞ ማውረድ የፈለገ አልነበረም።

ጓድ መኩሪያ ከላይ አይተው ኖሯል። ጡሩንባው፣ «ገመዱን ያዙ! ገመዱን ያዙ!» ብሎ ጮኸ።

አያ አንለይ ገመድ መያዝ የዘወትር ሥራቸው ቢሆንም ትእዛዙ ለሁሉም ነበርና ሁሉም ገመድ ያዘ። ጫኞቹ የመኪናውን ሸራ ገመድ ያዙ። እትዬ ጥጊቱ የበጉን ገመድ ያዙ። ሃምሳ አለቃ ውብነህ ወታደር ነበሩ፤ ትእዛዝ ሲሰሙ አይጠይቁም። አጠገባቸው ያለውን ገመድ፣ የባንዲራውን፣ ፈትተው ያዙና ሳብ አደረጉት። ባንዲራው ወረደና ከምሰሶው አጋማሽ ቆመ።

ከጀልባው ላይ ተቆጣጣሪው ይህን አዩ። የተጨበጠ እጃቸውን ፈትተው ቆባቸውን አወለቁ። ኋላ አበጀ እንደነገረን፣ «ማን ሞተ?» ብለው ጠይቀውታል። አበጀ እንቢ ያለውን ሞተር ለማስነሣት የሞተሩን ገመድ ደጋግሞ እየሳበ ስለነበር፣ «ሞተሩ፣ ጓድ» አላቸው።

አያ አንለይ ግን ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ ሱሪያቸውን ሰብስበው እስከ ወገባቸው ውሃ ገቡ። የተንሳፈፈውን የገመዱን ጫፍ እንደምንም ያዙት። የጓድ መኩሪያ ዐይን ግን አሁን ያረፈው ባንዲራው ላይ ብቻ ነበር።

«እሱን አይደለም! ልቀቁት! ልቀቁት!» አለ ጡሩንባው።

ሁሉም ለቀቀ። ባንዲራው ቁልቁል ወርዶ ከሃምሳ አለቃው ራስ ላይ አረፈ። በጉ ወደ ከተማ ሮጠ። ሸራው ከመኪናው ላይ ተንሸራትቶ ጫኞቹን ሸፈናቸው። አያ አንለይ ከውሃው ውስጥ ቆመው ጡሩንባውን አዩ፤ ገመዱን አዩ፤ ለቀቁት። ፊታቸው እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ጀልባው አባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አቅጣጫ መሄድ ጀመረ። እዚያ ጉማሬ ይውላል። ይህን የባሕር ዳር ሰው ሁሉ ያውቃል። ኋላ እንደሰማነው በጀልባው ላይም ወሬው ተነሥቷል።

«ጉማሬ አለ ይባላል፤ እውነት ነው?» አሉ ተቆጣጣሪው።

«ጧት ጧት ብቻ ነው» አለ አበጀ።

«አሁን ምንድን ነው?»

«ጧት ነው፣ ጓድ።»

እኔ ከስልኩ አጠገብ ነበርሁ። እንዳትነሺ ተብያለሁ። ስልኩን አየሁት። እንፍራንዝን አሰብሁ፣ ንቦቹን አሰብሁ። ያን ጧት ብቀመጥ ወሩን እጨርሳለሁ፤ ብነሣ አልጨርስም። ለወሩ መጨረሻ የቀረው ጥቂት ቀን ነው ብዬ ተነሣሁ።

ከደረጃው ሥር ከጓድ መኩሪያ ጋር ተጋጨን። ማይክራፎኑን በእጃቸው እንደያዙ ወርደዋል፤ ሽቦው ተቆርጦ ከኋላቸው ይጎተታል።

«ከስልኩ አትነሺ አላልኩሽም?» አሉ በማይክራፎኑ።

«ስልኩስ አለ፣ ጓድ። የሄደው ጀልባው ነው።»

ወደ ውሃው ሮጥን። እሳቸው «ጓድ! ጓድ!» ይላሉ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል፣ ከየቆመበት የሚንቀሳቀስ ግን የለም።

«በስም ይጥሩ» አልኋቸው።

«ስማቸውን የት አውቃለሁ!» ወረቀት ሳይዙ ፊቴን ሲያዩኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። «ያ ውሃ ውስጥ ያለው ማነው?»

«አያ አንለይ ናቸው።»

«ጓድ አንለይ!»

«አያ ይበሉ። ትልቅ ሰው ናቸው።»

ጓድ መኩሪያ ወደ ውሃው ዞሩ። «አያ አንለይ!»

«አቤት!» አሉ አያ አንለይ። መልስ የሚቀበል ሰው አገኙ።

«ገመዱን ይያዙ!»

«አልደርስበትም አሁንስ! ልቀቅ ሲሉኝ ለቀቅሁት እኮ!»

«ምን ላድርግ?» አሉ ወደ እኔ ዞረው።

ከዳር የአንድ እንጨት ሻጭ የደንገል ቄጠማ ታንኳ ተጎትቶ ቆሞ ነበር። «መቅዘፍ የሚችል ሙሉነህ ነው። ከሸራው ሥር አለ» አልሁ።

«ሙሉነህ!» አሉ፤ ማይክራፎኑን ወረወሩት። «ሙሉነህ ሆይ! ታንኳውን ይዘህ አያ አንለይን አሳፍርና ገመዱን አምጣ! አንተ ነህ! ሌላ ሰው አይደለም!»

ከሸራው ሥር፣ «እኔ ነኝ?» የሚል ድምፅ መጣ።

«አንተ ነህ!»

ሙሉነህ ከሸራው ሾልኮ ወጣና ሮጠ። «ሃምሳ አለቃ ውብነህ» አልሁ በዝግታ፤ እሳቸውም «ሃምሳ አለቃ ውብነህ! ባንዲራውን ወደ ቦታው!» አሉ። «እትዬ ጥጊቱ» አልሁ። «እትዬ ጥጊቱ! በጉን!» «በጉስ ሄዷል፣ ጌታዬ» አሉ እትዬ ጥጊቱ፤ «አሁን ገበያ ደርሷል።» ጓድ ማለቱን ረስተውት ነበር፤ ያረማቸው የለም።

ታንኳው ደረሰ፤ አያ አንለይ ገመዱን ያዙ። ሙሉነህ እየቀዘፈ፣ ዳር ሲደርስ ጫኞቹ ሁሉ በየስማቸው እየተጠሩ እየሳቡ፣ ጀልባው መጣ። ተቆጣጣሪው ሲወርዱ ጀልባው ተናወጠና እስከ ጉልበታቸው ውሃ ገቡ። ቆባቸው አሁንም በእጃቸው ነው።

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም አልሞተም፣ ጓድ» አሉ ጓድ መኩሪያ።

«ባንዲራው ለምን ዝቅ አለ?»

ይህ በዚያ ዘመን የቀልድ ጥያቄ አልነበረም። ሃምሳ አለቃ ውብነህ ተረከዛቸውን አጋጭተው፣ «ያዙ ተባለ፣ ያዝሁ። ልቀቁ ተባለ፣ ለቀቅሁ» አሉ።

«ማነው ያለህ?»

ሃምሳ አለቃው በጣታቸው ወደ ጡሩንባው አመለከቱ። ተቆጣጣሪው ቀና ብለው ጡሩንባውን አዩት። ጡሩንባውን መጠየቅ እንደማይቻል ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ ጓድ መኩሪያ። «ያዙ ያልኩትም፣ ልቀቁ ያልኩትም እኔ ነኝ። ለማን እንደምናገር አላወቅኩም።»

ተቆጣጣሪው ከአንድ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። አንድ ጫማቸውን አውልቀው ውሃውን ገለበጡት። «ከሐይቁ መካከል ሆኜ» አሉ፣ «እመቤቴ ማርያምን ስንት ጊዜ ጠራሁ።» ከዚያ ያሉትን ራሳቸው ሰሙና ቀና ብለው ሁላችንንም አዩን። «ይህን አልሰማችሁም።»

«አልሰማንም፣ ጓድ!» አልን ሁላችንም ባንድ ድምፅ። በዚያ ግቢ ለሁሉም ተነግሮ ሁሉም በትክክል የፈጸመው ትእዛዝ እሱ ብቻ ነው።

ሳቃቸው መጣ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ እሳቸው ሲስቁ እኛም መሳቅ እንደተፈቀደ ገባን። ሲበቃቸው እኔን አዩኝ።

«ይህች ስትሮጥ አይቻታለሁ። ማናት?»

ወደ ጓድ መኩሪያ አላየሁም፤ ወደ መሬት አየሁ። ጓድ መኩሪያ ስሜን ከወረቀታቸው ላይ አይተውት ኖሯል።

«ጥሩወርቅ ትባላለች» አሉ። «ቋሚ ሠራተኛችን ናት።»

ጊዜያዊ ነኝ ልል ቃጣሁ። ነገር ግን አለቃን በእንግዳ ፊት ማሳጣት ነውር ነው ብዬ ዝም አልሁ።

«ሥራዋ ምንድን ነው?»

«ሰው በስሙ ትጠራለች።»

«ይህም ሥራ ተብሎ የተመደበ ነው?»

«ከዛሬ ጀምሮ» አሉ ጓድ መኩሪያ።

ምሳው ዓሣ ሆነ። በጉ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ማን እንደበላው የሚጠረጠር ቤት አለ፣ ግን አላነሣውም።

የቅጥር ወረቀቱ በወሩ መጨረሻ መጣልኝ። የእንፍራንዙ ንብ አናቢ ሌላ ሚስት አገባ፤ ለሰርጉ ጠርቶኝ ሄጃለሁ። ጠጅ ሲቀዳልኝ፣ «ስምሽ ማን ነበር?» አለኝ፤ ነገርሁት። እኔ በዚያ መጋዘን ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። ጡሩንባው አልተጣለም፤ በምሳ ሰዓት ሙዚቃ ያሰማ ነበር። ለሁሉም የሚነገር ነገር ሲኖርም በእሱ ይነገራል፤ ለሁሉም የሚነገር ነገር ግን ያን ያህል ብዙ እንዳልሆነ ያን ጊዜ አወቅን። የቀረውን ጧት ጧት ጓድ መኩሪያ ከእኔ ጋር እየዞሩ ይናገሩ ነበር። ሰውም ሥራውን ለየ፤ ሙሉነህም ጥላ ሥር መቀመጡን ተወ።

እናንተ አንባቢዎች የዛሬ ሰዎች ናችሁ፤ ጡሩንባው በየኪሳችሁ ነው። የእኅቴ የልጅ ልጅ መሥሪያ ቤት ሁሉም የሚገናኙበት የስልክ ግሩፕ አላቸው። አንድ ቀን አለቃዋ፣ «እባካችሁ ሪፖርቱ ዛሬ ይላክ» ብሎ ጻፈ። ሠራተኛው ሁሉ የአውራ ጣት ሥዕል ላከ። ሪፖርቱን የላከ የለም። ልጅቱ እየሳቀች አሳየችኝ፤ እኔ አልሳቅሁም፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አየሁ። ምክር መስጠት አልወድም። ብቻ፣ ሰው አንዳች ነገር እንዲያደርግላችሁ ስትፈልጉ ከስሙ ጀምሩ። ጊዜ ይወስዳል። ጀልባ ከማሳደድ ግን ያነሰ ነው።

ጓድ መኩሪያ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር የተዛወሩ ዕለት ሠራተኛው በግቢው ተሰለፈ። ሁሉንም ስሙን እየጠሩ እጁን ጨበጡ። እኔ ከኋላቸው ነበርሁ፤ አንድም ስም እንዳልነግራቸው ለምነውኝ ነበር። ሁለቱን ሰዎች አቀያይረው ጠሯቸው። ሁለቱም «አቤት!» አሉ።